ቀዝቃዛ ውሃ ስላፈሰስንበት ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው መልካ ወረር፣ አዋሽ ዳር ነው። አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ከትናንት በስቲያ ከእርሻ ሲመለስ ገላው ይፋጃል፣ ይቀባዥራል። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሸተቱት፣ በጋቢ ሸፈንነው። ሲብስበት ወንድሜ ውሃ አፈሰሰበትና ነቃ። አሁን ግን አቅም የለውም፣ ሽንቱም ጠቁሯል። «በትኩስ ገላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሽባ ያደርጋል» እያሉ አስፈሩን። የተረፈ የወባ መድኃኒት፣ ኮአርተም፣ ሰጥተነዋል። ወንዙ እየሞላ ስለሆነ ጤና ጣቢያ አልወሰድነውም።

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽ አባታችሁን አልጎዳም። ያተረፈው እሱ ነው። ውሃው ሽባ አያደርገውም።

የጎዳው ጋቢው ነው። ይህ «ሸፍነው፣ ላብ ይውጣለት» የሚባል ነገር ስንት ሰው እንዳሳጣን! በዚያ ሙቀት የዋለ ሰው ገላው ፈጅቶ መቀባዠር ከጀመረ አንጎሉ በሙቀት እየተጎዳ ነው። ያኔ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ከራስ እስከ እግሩ ውሃ አፍስሱ፣ አራግቡለት፤ መኪና እስኪመጣ አትጠብቁ፣ መጀመሪያ አቀዝቅዙ፣ መንገድ ላይም ማፍሰሱን አታቁሙ። የአዋሽ ድፍርስ ውሃም ቢሆን ለዚህ ይሆናል። በጄሪካን ቅዱ እንጂ እሱን ወንዝ ውስጥ እንዳትከቱት፣ ጎርፉም አዞውም አለ። በደንብ ካልነቃ በአፉ ምንም አትስጡት። ፓራሲታሞልም እንዲህ ያለውን ሙቀት አያወርድም።

አሁን ግን ልቆጣ ነው። ሽንቱ ጠቁሮ ቤት አስቀምጣችሁታል? በሙቀት የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን ሊዘጋ ይችላል፣ ያውም ሰውየው ነቅቶ፣ ተሻለው ከተባለ በኋላ። ከባድ ወባም ሽንት ያጠቁራል፣ ያቀባዥራል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የደምና የሽንት ምርመራ ነው። የተረፈ ኮአርተም ደግሞ መጀመሪያውኑ መትረፍ አልነበረበትም፤ ሰውየው ወባ ካለበት ግማሽ መድኃኒት አያድነውም፣ ከሌለበትም ለምን ይዋጣል? የዋጠውን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙ አሳዩ።

ስለ ወንዙ መፍራትሽ ልክ ነው። እናንተ ዘንድ ጠብ ሳይል አዋሽ ይሞላል፤ ዝናቡ ያለው ደጋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ በሌሊት የደረሰው ጎርፍም ከዙሪያው ተራሮች የወረደ ነበር፤ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ስለዚህ «ነገ ይጎድላል» ብላችሁ አትጠብቁ። መንገዱ ሳይቆረጥ ዛሬ ውሰዱት። ከተቆረጠ ደግሞ ሕመምተኛ ተሸክማችሁ እንዳትሻገሩ፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ ኃይለኛ ውሃ ጎልማሳውንም ይጥላል። ለቀበሌና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውሉ፣ ጀልባ ይፈልጉላችሁ።

የምትጠጡትን ውሃ ደግሞ ድፍርሱ እስኪዘቅጥ አስቀምጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ፣ ከዚያ አፍሉት ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት። ከጎርፍ በኋላ ኮሌራ ይመጣል። ቀጭን ተቅማጥ የያዘው ካለ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር የታከመ ውሃ በጥብጣችሁ እያጠጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አባታችሁ ግን ዛሬውኑ ይመርመር። እስኪሻለው እርሻ እንዳይመለስ፤ አንዴ ሙቀት የመታው ሰው ዳግም በቀላሉ ይመታል። ሲመለስም በጠዋት ገብቶ ፀሐይ ሳይከር ይውጣ።