ሳይወድቅ ዓይኑ ሥር በለዘ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ማነከስ ሲጀምር ወለም ብሎት ነው ብዬ ወጌሻ ጋ ወሰድኩት፤ በቅቤ ታሸ፣ ለውጥ የለም። ማታ ማታ ያተኩሰዋል፤ ክሊኒክ ሽሮፕ ሰጡኝ። አሁን ደግሞ ሳይወድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ ዙሪያ በለዘ። ጎረቤቶቼ «ዓይን ነው» ይላሉ። ሳጥበው ሆዱ በግራ በኩል ጠጠር አለብኝ። የአክስቴ ልጅ «ኒውሮብላስቶማ የሚባል ካንሰር አለ» ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በእርግዝናዬ ጊዜ ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ በደብዳቤ ብቻ ቁርጡን የሚነግርሽን ሰው አትመኚ፣ እኔንም ጨምሮ። ግን ይህ ሁሉ አንድ ልጅ ላይ ሲገጥም ሌላ ሽሮፕ አይሞከርም። ነገ ጠዋት የሕፃናት ሐኪም ጋ ሂጂ።

በሽታው ገና ካልበሰሉ የነርቭ ሴሎች የሚነሳ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ ከተቀመጠችው እጢ ነው፤ ሆድ ላይ የሚዳሰሰውም ለዚህ ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ያህል 5 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። አጥንት ውስጥ ሲገባ ልጁ ያነክሳል፣ የዓይን ዙሪያ አጥንትን ሲይዝ ደግሞ ያ በቡጢ የተመታ የሚመስል ጥቁረት ይመጣል።

ወጌሻን አልጠላም፣ የኔንም ክንድ ያዳነኝ ወጌሻ ነው። ሆዱን ግን ማንም አይሸው፣ አንቺም ደጋግመሽ አትጫኚው። ጸበሉንም አልከለክልሽም፤ ሐኪሙን ግን አያስቀርሽ።

የሆድ አልትራሳውንድና የደም ምርመራ እንዲያዙለት ጠይቂ። ዕባጩ ስንደነግጥ ሰውነታችን የሚለቀውን አድሬናሊን የሚመስል ነገር ስለሚያመነጭ ርዝራዡ በሽንት ምርመራም ይታያል። ነገሩ ካጠራጠረ ሪፈር አስጽፊ፤ ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ካንሰር ክፍል አለው። ሕክምናው እንደ ዕድሜውና እንደ ስርጭቱ ይለያያል፤ ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት)፣ ጨረር ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጨቅላዎች ላይማ ዕባጩ ራሱ ይሟሽሻል፤ ያንቺ ልጅ ግን ከዚያ ዕድሜ አልፏል፣ ስለዚህ እንጠብቅ የሚልሽን አትስሚ።

ጥፋቱ? ያንቺ አይደለም። በዘር የሚመጣው ከ100 1 ወይም 2 ቢሆን ነው፤ የቀረው ከእናት አበላል ጋር እንደሚያያዝ የተረጋገጠ ነገር የለም።

እግሩ ከዛለ ወይም ሽንት ካቃተው በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። የክሊኒኩን ወረቀትና የሽሮፑን ጠርሙስ ያዢ። ዓይኑንም መስኮት አጠገብ በብርሃን ፎቶ አንሺው፤ ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ቀለል ብሎ ሊሆን ይችላል።