ዘሬ አርጅቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰንዳፋ አጠገብ ሁለት ጥማድ ስንዴ አለኝ። ዘሩ ዲገሉ ነው፤ ከጎረቤት የወሰድኩት። መጀመሪያ ላይ ዋግ የሚባል የስንዴ በሽታ አያውቀውም ነበር። ዘንድሮ ግን አገዳው የሸክላ ቀለም ያለው ዱቄት አወጣ። ባለቤቴ «ዘሩ አርጅቷል» ትላለች። ዘር ያረጃል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ዘርዎ አላረጀም። የተለወጠው ዋጉ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ለገጣፎ፣ ከቤቴ ጀርባ ካለው ማሳ ገብቼ አንድ አገዳ በሁለት ጣቴ ሳብ አደረግሁ። ጣቴ ቀላ። ጠጋ ብዬ ሳየው የአገዳው ቆዳ ተሰንጥቆ ዳር ዳሩ ተልጧል። የግንድ ዋግ እንዲህ ነው፤ የእርስዎም እሱ ይመስለኛል። ቢጫ ዋግ ቢሆን ቅጠሉ ላይ በስፌት መኪና የተሰፋ መስሎ በመስመር ይታይ ነበር። ያ ዱቄት የዋጉ ዘር ነው። ነፋስ ከአገር አገር ይዞት ይሄዳል።

ስንዴ እንደ እኛ በደም የሚዞር ጠባቂ የለውም። እያንዳንዱ ሴል ራሱን ይጠብቃል። ዋጉ ሴሉ ውስጥ ፕሮቲን ሲያስገባ፣ ያንን ለይቶ የሚያውቅ ሌላ ፕሮቲን እዚያው ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ኤስአር 35 የተባለውን ጠባቂ አሠራር አሳይቷል፦ አምስት ጠባቂዎች ተያይዘው ካልሲየም የሚያልፍበት ቀዳዳ ይሠራሉ። ከዚያ ሴሉ ይሞታል። ዋግ የሚበላው ከሕያው ሴል ብቻ ስለሆነ እዚያው ይቀራል። አንድ ሴል ሞቶ ማሳውን ያተርፋል ማለት ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ዋጉ ፕሮቲኑን ከቀየረ ግን ጠባቂው አያውቀውም። ዲገሉ ዩጂ 99 የተባለውን አስፈሪ የግንድ ዋግ ይቋቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሌላ የዋግ ዝርያ መጣና ባሌና አርሲ ላይ ጣለው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2010 ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ቢጫ ዋግ ፈጅቶታል። ስለዚህ በአንድ ጠባቂ መተማመን አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች አምስት የመከላከያ ጂኖችን አንድ ላይ አያይዘው ስንዴ ውስጥ አስገብተዋል። ዋጉ አምስቱንም በአንዴ ማምለጥ ይከብደዋል። እኔ ግን ይበልጥ የምወደው ኤልአር 34 የሚባለውን ጂን ነው። ዋጉን አይገድለውም፤ ያዘገየዋል፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ሳይሰበር ቆይቷል።

ለከርሞ ከዚህ ማሳ ዘር አይያዙ። የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ዋግ የሚቋቋም አዲስ ዝርያ ይጠይቁ። ከወደቀ ፍሬ በራሱ የበቀለ ስንዴ ካዩ ይንቀሉት፤ ዋጉ እሱ ላይ እስከ ክረምት ሊቆይ ይችላል። አሁን ፍሬውን በጥፍርዎ ይጫኑት። ከጠነከረ ጊዜው አልፏልና ለመድኃኒት ብር አያውጡ፤ ለዘር መግዣ ያስቀምጡት።