ለጋሽን ስለማመስገን፦ ለወጣት የሙያ ባልደረቦቼ

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ በገቢ ማሰባሰብ ሥራ የተሰማራች ወጣት ሰሞኑን አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። የለጋሾችን ስምና ፎቶግራፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ እያወጣን ማመስገናችን ተገቢ ነው ወይ የሚል ነበር። አጭሩ መልስ «አስቀድመሽ ጠይቂያቸው» የሚል ነው። ነገር ግን ጥያቄዋ ለዓመታት ሲቆጨኝ የኖረ ጉዳይ ስለቀሰቀሰብኝ ዘርዘር አድርጌ መጻፉን መረጥሁ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን በሚያስተምር ድርጅት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ከለጋሾቻችን መካከል አንድ የመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። በየሦስት ወሩ ራሳቸው እየመጡ ገንዘቡን ያስረክባሉ፤ ደረሰኙ በክርስትና ስማቸው ብቻ እንዲቆረጥላቸው ይጠይቃሉ፤ ከዚያም አራት ቦታ አጥፈው ኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ይከቱታል። ሻይ ብንጋብዛቸው አይቀመጡም ነበር። ዘወትር የሚጠይቁት ልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም በጊዜ ደርሷቸው እንደሆነ ብቻ ነው። በፋይላቸው ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ስማቸው እንዳይገለጽ» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

ድርጅቱ የምሥረታ በዓሉን በአንድ ትልቅ ሆቴል ሊያከብር ሲዘጋጅ፣ ኃላፊዎቹ እኚህን ሰው መድረክ ላይ አውጥተው ለማክበር ወሰኑ። የፋይሉን ማስታወሻ ባሳያቸውም «ክብር የሚጠላ ሰው የለም» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ነጋዴውም እንደ ማንኛውም እንግዳ ተጠርተው መጡ። ሙሉ ስማቸውና ባለፉት ዓመታት የሰጡት ገንዘብ ድምር በድምፅ ማጉያ ተነበበ፤ ካባ ለበሱ፤ በፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ከመድረኩ ሲወርዱ ቅርብ ቆሜ ስለነበር፣ የወረቀቱን ጽሑፍ ወደ ደረታቸው አዙረው እንደያዙት አየሁ። ሳምንት ሳይሞላ ፎቶግራፋቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ቢሯችን አልመጡም። ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ስጠይቃቸው በጨርቅ ጣቃዎቹ መካከል በርጩማ ስበው አስቀመጡኝ፤ ቡናም አዘዙልኝ፤ አንድም የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። «ልጄ፣ እህቴ ልጇን ልታሳክም ገንዘብ ስትጠይቀኝ የቻልሁትን ሰጥቼ ከዚህ በላይ የለኝም ብያት ነበር። ድምሩን ጋዜጣ ላይ አነበበችው፤ አሁን አታነጋግረኝም» አሉኝ። ጋዜጣው የዓመታት ድምር መሆኑን አልጻፈም ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ከኃላፊዎቹ መካከል ወደ ሱቃቸው የሄደ አልነበረም። ከሁሉ አብልጦ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ለዚያ ሁሉ ዓመት ደግነት በመጨረሻ የመለስንላቸው የቤተሰብ ቅያሜ ሆነ።

ይህን ስል በአደባባይ ማመስገን ነውር ነው ማለቴ አይደለም። እናቴ ሰባራ ባቡር አካባቢ የነበረ እድር አባል ነበረች፤ ጸሐፊው መዋጮ ያስገቡትን ሰዎች ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ፣ የእሷ ተራ እስኪደርስ ነጠላዋን እያስተካከለች ትጠብቅ እንደነበር አስታውሳለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብም ስም ተጠርቶ እልልታው ሲቀልጥ፣ ሌላው ተነሥቶ በሰጠው ላይ ይጨምራል። ስለዚህ ስም መጥራት ኃይል እንዳለው በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ከነጋዴው ታሪክ ጋር ይጋጫል፤ ሁለቱም ግን እውነት ናቸው። በእድሩ ሁሉም ተመሳሳይ መዋጮ ያዋጣል፣ ስሙ እንደሚነበብም አውቆ ይሰጣል። ነጋዴው ግን አይጠራብኝ ብለው ነበር የሰጡት።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ዘመን ሰዎች ይልቅ ፈጣኖች ናችሁ፤ ይህን አደንቃለሁ። ገንዘቡ በቴሌብር በገባ በደቂቃዎች ውስጥ «ውድ ደጋፊያችን» የሚል መልእክት ይደርሳል። ነገር ግን ያው መልእክት ሃምሳ ብር ለሰጠውም፣ ለአሥር ዓመት ላልተለየንም፣ ስሙ እንኳ ሳይጠራ ለሁሉም ይላካል። የእኛም ልማድ ቢሆን የተሻለ አልነበረም፤ በልመና ደብዳቤያችን ግርጌ «ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ብለን ጽፈን፣ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ዝም የምንልበት ጊዜ ብዙ ነበር። ለጋሽ መስማት የሚፈልገው ገንዘቡ ምን እንዳደረገ ነው። የስንት ልጆች ዩኒፎርም እንደተሰፋ፣ ምን እንደጎደለ፣ የትኛው ዕቅድ እንዳልተሳካ በግማሽ ገጽ በእጃችሁ ጽፋችሁ ላኩለት።

ለውጭ ለጋሾች ይህን ማድረግ አያቅተንም፤ በየሩብ ዓመቱ ወፍራም ሪፖርት እንልካለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳዮች ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ በደነገገ ጊዜ፣ ብዙዎች በግድም ቢሆን ወደ አገር ቤት ለጋሽ ፊታቸውን አዙረው ነበር። አዋጁ ብዙ ድርጅቶችን ጎድቷል፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 መሻሩም ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን ገደቡ ሲነሣ፣ በጭንቅ ጊዜ የደረሰልንን የሰፈር ነጋዴና የባንክ ሠራተኛ መዘንጋት አይገባንም ነበር።

ደረሰኝን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሆኖም ችላ ሲባል አያለሁ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለአገር ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ልገሳ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ በወጪነት ይያዛል። ብዙ ኩባንያዎች መዝገባቸውን ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጉ፣ ማኅተም ያረፈበትን ደረሰኝ እስኪጠይቋችሁ ሳትጠብቁ ከምስጋና ደብዳቤው ጋር አያይዛችሁ በእጃችሁ አድርሱላቸው።