ወጪውን የቻለው ማነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ ካፌ አለችኝ። ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። የሰባት ዓመቱ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያው ቁጭ ብሎ ያያል። ባለፈው ሳምንት አንድ የልጆች ፕሮግራም ሲያልቅ ‹ይህ ዝግጅት የቀረበላችሁ በእገሌ ሳሙና ስፖንሰር አድራጊነት ነው› ተባለ። ልጁ ዞር ብሎ ‹እማ፣ ሳሙና ነው እንዴ የሠራው?› አለኝ። ሳቅሁ፤ መልስ ግን አጣሁ። አንድ ደንበኛዬ ደግሞ ‹ስፖንሰር አድራጊ ስህተት ነው፣ ስፖንሰር ብቻ ነው የሚባለው› ብሎ ተከራከረኝ። ማን ልክ ነው? ጥግ ላይ የምትቀመጠዋ ምልክትስ ሎጎ ናት ዓርማ?»

መልስ፦ ከልጅዎ ልጀምር። ልጁ ልክ ነው። በሰዋስው ከሄድን ፕሮግራሙን የሠራው ሳሙናው ነው።

«ጥናቱ የቀረበው በዶክተሩ ነው» ስንል አቅራቢው ዶክተሩ ነው። «ደብዳቤው የተጻፈው በጸሐፊዋ ነው» ስንል ጸሐፊዋ ናት የጻፈችው። እንዲህ ባለ ዐረፍተ ነገር «በ»ን ይዞ የሚመጣው ስም ብዙ ጊዜ የሥራው ባለቤት ነው። «የቀረበላችሁ በእገሌ ሳሙና» ሲባል ታዲያ ልጁ ማንን ይጠርጥር? መጨረሻ ላይ «ስፖንሰር አድራጊነት» የሚል ጭራ አለ። የሰባት ዓመት ልጅ ጆሮ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። እውነት ለመናገር የእኔም አይጠብቅም።

ጥፋቱ የ«አቀረበ» ነው። ይህ ግሥ ቴሌቪዥን ቤት ሲገባ ብዙ ጌታ ያገለግላል። ስቱዲዮ ተቀምጦ የሚያወራው «አቅራቢ» ይባላል። ፕሮግራሙን ሠርቶ ለጣቢያው የሚያስረክበውም «አቅራቢ» ነው። ብሩን የከፈለው ደግሞ «የቀረበላችሁ በ…» ይባልለታል። አፍ፣ እጅና ኪስ አንድ ስም ይዘው ተቀምጠዋል።

«ላችሁ» ግን ትኑርልኝ። እሷ ነገሩ ለእናንተ ጥቅም መሆኑን የምትናገር ናት። «የቀረበባችሁ» ቢባል ክስ ነበር የሚመስለው። (አንዳንድ ድራማዎች «የቀረበባችሁ» ይገባቸዋል የሚል ወዳጅ አለኝ። ፍርዱ የራሱ ነው።)

ወደ ደንበኛዎ ልለፍ። እሱ ግማሽ ልክ ነው። «ስፖንሰር» በእንግሊዝኛ ስምም ነው፣ ግሥም ነው። እኛ ሁለቱንም ወሰድን። ከስሙ «ስፖንሰሩ ከፈለ» አልን፤ ከግሡ «ስፖንሰር አደረገ» አልን። «አደረገ» ከገባ «አድራጊ» ተከትሎ መምጣቱ የቋንቋው ጠባይ ነው። ታዲያ «ኤዲት አደረገ» እያልን ሰውየውን ለምን «ኤዲት አድራጊ» አንለውም? ኤዲተር ነው የምንለው። ምክንያቱም ኤዲተር ሠሪነቱን የሚያሳይ ጭራ ከነቤቱ ይዞ መጥቷል። «ቻርጅ አደረገ» ብለን ዕቃውን «ቻርጀር» የምንለውም እንደዚያው ነው። ስፖንሰር ግን ስሙም ግሡም አንድ መልክ ነው። የሚለየው ጭራ ሲያጣ ሰው ከቤቱ አውጥቶ «አድራጊ» ቀጠለለት። ስህተት አልለውም። ረጅም ነው እንጂ። እኔ ስጽፍ «ስፖንሰር» ይበቃኛል።

የከፈለውን በምን ቃል ልጥራው የሚለው ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። ከሁሉ በላይ የተጨነቁበት የአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። (ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ፒቢኤስ የሚባለው የጣቢያዎች ማኅበር በ1969 ተመሥርቶ ሥርጭት የጀመረው በጥቅምት 1970 ነው። እነዚህ ጣቢያዎች ንግድ አይደሉምና ማስታወቂያ መሸጥ አይችሉም። ሌላ ሕግ ደግሞ አለ። በ1934 የኮሙኒኬሽን ሕግ መሠረት ለሥርጭት ገንዘብ የሰጠ ሰው ስሙ ለሕዝብ መነገር አለበት። አስተዋሉልኝ? ስሙን ጥራ፣ ግን አታስተዋውቀው።

ይህን ፈተና የፈቱት በሰዋስው ነው ብል አላጋነንኩም። የከፈለው ድርጅት ስሙ ይነገራል፣ ሥራው ምን እንደሆነ በደረቁ ይገለጻል። በ1980ዎቹ ሕጉ ላላ ሲል ሎጎውንና የሚሸጠውን ነገር ማሳየትም ተፈቀደ። ትእዛዝ አንቀጽ ግን ክልክል ነው። «ይግዙ»፣ «ይደውሉ»፣ «ፈጥነው ይምጡ» አይባልም። ማወዳደርም ክልክል ነው፤ «ከሁሉ የላቀ» ያለ ሕግ ጣሰ። ዋጋ መጥራትም አይቻልም። ይህን ደንብ ወደ እኛ ስክሪን ብናመጣው ማስታወቂያዎቻችን ምን ግሥ ይቀራቸው ይሆን ብዬ አስባለሁ። «ነው» ብቻ ይቀራል መሰለኝ።

ደንቡ አለ ማለት ግን ሰው አያማም ማለት አይደለም። ከ1971 ጀምሮ የእንግሊዝ ድራማዎችን ያሳይ የነበረው ማስተርፒስ ቲያትር ወጪው ከሞቢል ነዳጅ ኩባንያ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ዝምድና ነው። ሌሎች የነዳጅ ኩባንያዎችም ስማቸው ሲደጋገም፣ የፒቢኤስ «ፒ» ፐብሊክ ሳትሆን ፔትሮሊየም ናት የሚል ቀልድ ወጣ። የልጆቹ ሴሳሚ ስትሪት ደግሞ ማስታወቂያን በራሱ ቋንቋ ቀለደበት። በኅዳር 1969 የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ስፖንሰሮቹ ተጠሩ፤ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላትና ሁለት ቁጥሮች ነበሩ፣ 2 እና 3። ልጅዎ ያንን ቢያይ «ቁጥር 3 ነው እንዴ የሠራው?» ይል ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ። አሜሪካኖቹ ለሕዝብ ቴሌቪዥን የሚከፍለውን ስፖንሰር ከማለት ይልቅ «አንደርራይተር» ይሉታል። ሲፈታ «ከሥር የጻፈ» ማለት ነው። የመጣው ከመርከብ ኢንሹራንስ ነው። ለንደን ውስጥ አደጋውን የሚካፈሉ ነጋዴዎች ከውሉ ግርጌ ስማቸውን ይጽፉ ነበር። ቃሉን መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም እኛ ቤት ይህ ነገር ከቴሌቪዥን ብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል።

የቆየ የብራና መጽሐፍ ካገኙ መጨረሻውን ይመልከቱ። «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ፣ ለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ» የሚል ምርቃት ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመው፣ ቃሉን ለሰማው ምሕረትን ይለምናል። የጻፈው ብዕር የያዘው ነው። ያስጻፈው ብራናውን፣ ቀለሙንና የጸሐፊውን ቀለብ የቻለው ነው። ልዩነቱን የምትሸከመው አንዲት «አ» ናት። ጸሐፈ፣ አጽሐፈ። በአማርኛ «አስ» ትሆናለች፤ ጻፈ፣ አስጻፈ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም እንደዚያው ነው። የሣለው ስሙ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ያሣለው ግን ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይታያል፣ ስሙም አጠገቡ ይጻፋል። ከሥር የተጻፈ ማለት ይኸው አይደል?

ቋንቋችን እጅንና ኪስን እንዲህ አጥርቶ ለይቶ ሲያበቃ፣ ቴሌቪዥን ሲመጣ ሁሉንም «አቀረበ» ውስጥ መክተታችን ነው የሚቆጨኝ።

እኔም ከጥፋቱ ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት የዘጋቢ ፊልሙን የምስጋና ጽሑፍ እንድተረጉም ሰጠኝ። እንግሊዝኛው ፕሮግራሙ እንዲቻል ያደረገው እገሌ ነው ይላል። እኔ ቸኩዬ «ይህ ፕሮግራም የተቻለው በእገሌ ነው» ብዬ ላክሁ። በምረቃው ቀን አዳራሽ ተቀምጫለሁ። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «እኛም ችለን ነው ያየነው» አሉ። ረድፉ በሙሉ ሳቀ። ትክክል ነበሩ። «ቻለ» መቻል ብቻ አይደለም፤ መታገሥም ነው። የተቻለ ፕሮግራም ማለት ሰው ጥርሱን ነክሶ የጨረሰው ፕሮግራም ነው።

ቤቴ ስገባ ያ ግሥ አልለቀቀኝም። ሦስተኛ ሥራ እንዳለው ትዝ አለኝ። «የሠርጉን ወጪ የቻለው አጎቱ ነው» እንላለን። «የትምህርቱን እኔ እችልልሃለሁ» እንላለን። «ራሱን ቻለ» እንላለን። እኔ ባዕድ ቃል ስፈልግ የሚያስፈልገኝ እዚያው ያበላሸሁት ግሥ ውስጥ ነበር። «የዚህን ዝግጅት ወጪ የቻለው እገሌ ሳሙና ነው» ቢባል አንድም ልጅ አይሳሳትም። «ወጪውን የሸፈነው» ቢሉም ያው ነው። «የቻለው» ግን ሸክም ያለበት ይመስለኛል፣ ወደድኩት።

የፒቢኤስ ፕሮግራሞች መጨረሻ ላይ የምትመጣዋ የታወቀች ሐረግ፣ እንደ እርስዎ ያሉ ተመልካቾችን የምታመሰግነዋ፣ በአማርኛ ትንሽ ትቸግራለች። «እንደ እርስዎ ያሉ ተመልካቾች» ሲባል ሰውየውን ራሱን ያስወጣዋል፤ «እኔን ነው ወይስ የሚመስሉኝን?» ያሰኛል። አሳቡ መዋጮ ነው። ጣቢያው ከተመልካቹ መዋጮ እየሰበሰበ ነው የሚኖረው። ዕድር የምናውቅ ሰዎች «ባዋጣችሁት ገንዘብ የተዘጋጀ» ብንባል ወዲያው ይገባናል። በ2025 የአሜሪካ ኮንግረስ ለሕዝብ ሚዲያ ይሰጥ የነበረውን የሁለት ዓመት ገንዘብ፣ ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር፣ ሰርዞታል። ገንዘቡን ሲያከፋፍል የኖረውና በነዚያ የምስጋና ጽሑፎች ስሙ የማይታጣው ተቋምም ሥራውን እንደሚዘጋ በዚያው ዓመት ነሐሴ አስታወቀ። መዋጮዋ ይበልጥ ታስፈልጋለች ማለት ነው።

የሎጎዋ ነገር ቀረ። እዚህ ብዙ አልቆይም። ዓርማ ከበድ ያለ ቃል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 በሰንደቅ ዓላማው መሀል ያለውን የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ለመንግሥት፣ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለቀይ መስቀል ይስማማል። ጥግ ላይ ያለችውን «ዓርማዋ ጠፋች» የሚል ሰው ካፌዎ ውስጥ ሰምተው ያውቃሉ? እኔ አልሰማሁም። ሎጎ ይበሏት።

ሌሎቹማ በእንስሳ ነው የሚጠሯት። አሜሪካኖች ተባይ በሚል ቃል ይጠሯታል። አነባበቡ በእኛ ፊደል «በግ» ሆኖ ይመጣል፣ እንዳይሳሳቱ። እንግሊዞች የሚጠሯት በምሕጻረ ቃል ነው፤ ሲነበብ ውሻ ማለት ይሆናል። የቢቢሲ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ምልክት፣ በ1953 አብራም ጌምስ የሠራው፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ የሚል ቅጽል ስም ነበረው። ከዚህ ሁሉ ደህና ሰው የሆነው የፒቢኤስ ነው። በ1971 ኸርብ ሉባሊን «ፒ» ፊደልን የሰው ፊት አደረጋት፣ ወደ ግራ የምታይ። በ1984 ፊቷን ወደ ቀኝ አዞሯት።

እኛ ዘንድ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ጥግ ላይ ምልክት ማን ይፈልግ ነበር? ያለው አንድ ጣቢያ። ቴሌቪዥኑ ከተከፈተ እሱ ነው። ዲሽ ጣሪያውን ሁሉ ሲሞላው ነው ማን ምን እንደሆነ መለየት ያስፈለገው። ፖስታ ቤት አካባቢ የማዘወትረው ምግብ ቤት አንድ አሮጌ ፕላዝማ አለ። ለዓመታት አንድ ጣቢያ ላይ ቆሞ ስለኖረ የጣቢያው ሎጎ ስክሪኑ ላይ ተቃጥላ ቀርታለች። ኳስ ሲታይም ዜና ሲታይም ቀኝ ጥግ ላይ እንደ ጥላ ትታያለች፤ አዲሱ ጣቢያ የራሱን ሎጎ ሲያመጣ ሁለቱ ይደራረባሉ። አስተናጋጁን ጠየቅሁት። «እሷማ ቤተኛ ናት ጋሼ» አለኝ።

ለልጅዎ እንግዲህ እንዲህ ይበሉት፦ «የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ሳሙናው ወጪውን ነው የቻለው።» ቀጥሎ «ለምን ቻለ?» ብሎ ከጠየቀዎት ግን እኔ ጋ አይላኩት። እሱን የሳሙናው ባለቤት ይመልስለት።