ሥራ ከጀመርኩ ሜዲኬሬ ይቀራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አሜሪካ ውስጥ የአካል ጉዳት አበል ከሚቀበሉ ወገኖች ናቸው። የምጠቅሳቸው የወር ገቢ መለኪያዎች በ2025 የነበሩት ናቸው፤ በየፈረንጆች አዲስ ዓመት ይለወጣሉ።

ለእህታቸው ሠርግ አዲስ አበባ ሄደው ሁለት ወር መቆየት የሚፈልጉ አንባቢ፣ ገቢያቸውና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆኑ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚሰጠው የኤስ ኤስ አይ አበላቸው ይነካ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ይነካል። ከአገር ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ከቆዩ ይቋረጣል፤ ተመልሰውም 30 ቀን ሳይሞላዎት አይቀጥልም። ዝርዝሩን አበሉን የሚከፍለውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲን፣ ይጠይቁ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ የሆኑ እናት ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ በከፈሉት የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር የሚገኘውን የአካል ጉዳት አበልና ሜዲኬር የሚባለውን የመንግሥት የጤና መድን ይቀበላሉ። አሁን በወር 1,300 ዶላር የሚከፈልበት የገንዘብ ያዥነት ሥራ አግኝተዋል። ጓደኞቻቸው ግን «ደመወዝ በተቀበልሽ ማግሥት የሜዲኬር ካርድሽን ይነጥቁሻል» ብለው አስፈራሯቸው።

ይህ ወሬ መሥራት የሚችልን ሰው ሁሉ ቤት ሲያስቀምጥ ማየት ያናድደኛል። እኅቴ፣ ሕጉ እንዲህ አይልም። ከ1,160 ዶላር በላይ ያገኙበት ወር እንደ ሙከራ ወር ይቆጠራል። በ60 ወራት ውስጥ 9 የሙከራ ወራት አሉዎት፤ በእነዚህ ወራት ምንም ያህል ቢያገኙ የአበል ቼክዎ ሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ ቼኩን የሚያስቆመው የወር ገቢ መለኪያ 1,620 ዶላር ይሆናል። የእርስዎ 1,300 ከዚህ በታች ስለሆነ ቼኩም አይነካም።

ደመወዙ ቢያድግና ቼኩ ቢቆምስ? ከሙከራው ቀጥሎ ባሉት 36 ወራት፣ ገቢዎ ከዚህ መለኪያ ዝቅ ያለበት ወር ቼኩ ያለ አዲስ ማመልከቻ ይመለሳል። ሜዲኬር ደግሞ ጉዳትዎ ተሽሏል ካልተባለ በስተቀር ከሙከራው በኋላ ቢያንስ 93 ወር፣ ማለትም ሰባት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይቀጥላል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ከቼክዎ ላይ ይቆረጥ የነበረው የሜዲኬር ወርኃዊ ክፍያ፣ ቼኩ ሲቆም በደብዳቤ ይጠየቃል። ያንን ፖስታ ሳይከፍቱ ከጣሉት ካርዱን የሚያሳጣዎት ሥራው ሳይሆን ያልተከፈለው ሒሳብ ነው።

ሥራ የጀመሩበትን ቀንና ደመወዝዎን ወዲያውኑ ለሶሻል ሴኩሪቲ ያሳውቁ፤ ያሳወቁበትን ደረሰኝም ያስቀምጡ። ሰው የሚጎዳው ሲደብቅ ነው። ከዓመታት በኋላ «ያለ አግባብ የተቀበሉትን ይመልሱ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ዕዳው ከቤተሰቡ አቅም በላይ ይሆናል። በእጅ የሚከፈል ገንዘብም ያው ደመወዝ ነው።

በግል መኪናቸው ሰው የሚያመላልሱ አንባቢ፣ ከነዳጅና ከጥገና የሚተርፋቸው ጥቂት ስለሆነ እንደ ሥራ ይቆጠር እንደሆነ ጠይቀዋል። እርሳቸውም እንደ ሲልቨር ስፕሪንጓ እናት በከፈሉት ግብር የሚገኘውን አበል ነው የሚቀበሉት።

የሚታየው ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነው። ሆኖም በወር ከ80 ሰዓት በላይ ከሠሩ፣ ትርፉ ምንም ያህል ቢያንስ ወሩ ከሙከራ ወራት አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ሰዓትዎን በየዕለቱ ይመዝግቡ።

ኤስ ኤስ አይ የሚቀበሉ አንባቢ የ6,000 ዶላር እቁብ ሊደርሳቸው ነው። «በወንድሜ ስም ላስቀምጠው?» ይላሉ።

አያድርጉት! ኤስ ኤስ አይ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው ተቀማጭ 2,000 ዶላር ነው፤ የሚታየውም ወሩ በገባበት ቀን በእጅዎ ያለው ነው። አበሉ እንዳይቋረጥ ብሎ ገንዘብን ለሌላ ሰው መስጠት እስከ 36 ወር ከአበሉ ሊያግድ ይችላል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የጤና መድን፣ ሜዲኬይድዎም፣ አደጋ ላይ ነው። ኤስ ኤስ አይ በደመወዝ ምክንያት ሲቆም ሜዲኬይድ እንዲቀጥል የሚያደርግ ሕግ አለ፤ በተቀማጭ ገንዘብ ምክንያት ሲቆም ግን ያ ሕግ አይሠራም።

ይህን በእኔ መልስ ብቻ እንዳይወስኑ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ዕጣው ሳይወጣ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ ሄደው የአበል ሕግ የሚያውቅ ሰው ያማክሩ። ስለ ሥራና አበል ለሚነሳ ጥያቄ ደግሞ ለሁላችሁም የሶሻል ሴኩሪቲ የስልክ መስመር 1-866-968-7842 አለ፤ ነጻ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ስትሄዱም አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ፤ የአሥር ዓመት ልጃችሁ እንዲህ ያለውን ጉዳይ እንዲያስተረጉም አታድርጉ።