ስለ ጥርስ ማደንዘዣና አንቲባዮቲክ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መንጋጋዬ አብጦ ጥርስ ልነቀል ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ቢወጉኝም አልደነዘዘም። መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበት ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው እብጠቱን ነው። ማደንዘዣው፣ ሊዶኬይን፣ የነርቩን ሽፋን አልፎ የሚገባው ኤሌክትሪክ ቻርጅ በሌለው መልኩ ብቻ ነው። ጤናማ ሥጋ ውስጥ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) 7.4 ላይ፣ ከተወጋው ሩብ ያህሉ በዚህ መልክ ይገኛል። መግል የቋጠረ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ ወደ 6 ከወረደ የሚቀረው 1 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ላይ የተቆጣ ሥጋ ደም ስለሚበዛበት የገባውንም ቶሎ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ እብጠቱ ላይ ደጋግሞ መውጋት ትርፉ ሕመም ነው። መፍትሔው ከእብጠቱ ርቆ የነርቩን ግንድ መያዝ ነው፤ ለታችኛው መንጋጋ ከኋላ በኩል፣ ነርቩ አጥንት ውስጥ በሚገባበት ቦታ ተወግቶ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠበቃል። ከንፈሩ ደንዝዞ ጥርሱ አሁንም ከተሰማ፣ በጥርሱና በአጥንቱ መካከል ባለው ጅማት ውስጥ ለእያንዳንዱ ሥር 0.2 ሚሊ ሊትር ቀስ ብሎ መጨመር ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። የሕፃናትን ከፍተኛ የማደንዘዣ መጠን በካርትሪጅ (መርፌው ላይ በሚገጠመው የመድኃኒት ብልቃጥ) እንዴት ላስላው?

መልስ፦ ሊዶኬይን 2 በመቶ ማለት በ1 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው። 1.8 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ካርትሪጅ 36 ሚሊ ግራም ሊዶኬይን አለው። ጥንቃቄ የተሞላበት ጣሪያ በኪሎ 4.4 ሚሊ ግራም ነው። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 66 ሚሊ ግራም ይመጣል፤ ሁለት ሙሉ ካርትሪጅ 72 ስለሆነ አልፏል ማለት ነው። ካርትሪጁ 2.2 ሚሊ ሊትር ከሆነ ደግሞ 44 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ አንድ ተኩል ላይ ይቆማል። አደጋው የሚመጣው አራቱንም የአፍ ማዕዘን በአንድ ቀን ለመጨረስ ሲባል ነው። አርቲኬይን የሚባለው ሌላ ማደንዘዣ 4 በመቶ ስለሆነ በአንዱ ካርትሪጅ ውስጥ እጥፍ መድኃኒት አለ፤ በሊዶኬይን ልማድ አትቁጠረው። ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም አይመከርም። መርፌውን ከመግፋትህ በፊት ወደኋላ ሳብ፤ ደም ከገባ ቦታ ቀይር። ደም ሥር ውስጥ የገባ ትንሽ መጠን እንኳ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ እንደተወጋሁ ልቤ ድው ድው አለ፣ እጄም ተንቀጠቀጠ። አለርጂ አለብኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከማደንዘዣው ጋር አድሬናሊን አለ፤ ደም ሥሩን አጥብቦ መድኃኒቱን እዚያው ያቆየዋል፣ ደሙንም ይቀንሳል። የአድሬናሊን መጠኑ 1 ለ100,000 የሚለው ካርትሪጅ 18 ማይክሮ ግራም አድሬናሊን ይይዛል። ልብ ምቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋጋል። ለሊዶኬይን እውነተኛ አለርጂ ብርቅ ነው፤ ምልክቱ ሽፍታ፣ የፊትና የምላስ ማበጥ፣ ትንፋሽ ማፏጨት ነው። አድሬናሊኑን ከመበላሸት የሚጠብቀው ሰልፋይት ግን አንዳንድ አስም ያለባቸውን ያስቸግራል፤ አስም ካለብዎት አስቀድመው ይንገሩ። ሳይጣራ ካርድ ላይ «የማደንዘዣ አለርጂ» ተብሎ ከተጻፈ ለወደፊቱ ሕክምና ሁሉ እንቅፋት ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ለግፊት ፕሮፕራኖሎል ይወስዳል። ጥርስ ቢነቀል ችግር አለው?

መልስ፦ ይነቀላል፣ ግን መድኃኒቱን ለሐኪሙ ያሳዩ። ፕሮፕራኖሎል ደም ሥር የሚያሰፋውን የአድሬናሊን ሥራ ስለሚዘጋ የሚያጠብበው ብቻ ይቀራል፤ ግፊቱ ሊያሻቅብ፣ የልብ ምቱ ሊዘገይ ይችላል። አንድ ካርትሪጅ ቀስ ብሎ ሰጥቶ ከ5 ደቂቃ በኋላ ግፊት መለካት ነው፤ ወይም አድሬናሊን የሌለውን ማደንዘዣ፣ 3 በመቶ ሜፒቫኬይን፣ መጠቀም። የልብ ሕመም ላለበት ሰው የአድሬናሊኑ ጣሪያ 40 ማይክሮ ግራም፣ ሁለት ካርትሪጅ ገደማ ነው። ግፊቱ ከ180/110 በላይ ከሆነ አስቸኳይ ያልሆነ ነቀላ ይቆይ። መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቋርጥ።

ጥያቄ፦ ጥርሴን ባመመኝ ቁጥር ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቼ እውጣለሁ። ይሻለኛል። ምን ጉዳት አለው?

መልስ፦ የሚሻልዎት ምናልባት አብረው በሚውጡት ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌን፣ ነው። ቀዝቃዛ ሲነካው የሚያመው፣ ያልሞተ ነርቭ መቆጣት ነው፤ አሞክሳሲሊን አያስታግሰውም። ነርቩ ከሞተ ደግሞ ጥርሱ ውስጥ የደም ዝውውር ስለሌለ መድኃኒቱ ባክቴሪያው ጋ አይደርስም። ጥርሱ መከፈት ወይም መነቀል፣ መግሉም መውጣት አለበት። አንቲባዮቲክ የሚጨመረው ትኩሳት ሲኖር፣ እብጠቱ ሲስፋፋ፣ ወይም ሕክምናው ወዲያው ካልተገኘ ነው፦ ለአዋቂ አሞክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ ከ3 እስከ 7 ቀን፣ በሦስተኛው ቀን እየታየ። ካልተሻለው ሌላ አንቲባዮቲክ፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ይታከላል። የአንገት እብጠት፣ አፍ አለመከፈት፣ ምራቅ ለመዋጥ መቸገር ከታየ ግን ፋርማሲ ሳይሆን በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፤ መተንፈሻ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ሜትሮኒዳዞል እየወሰድኩ ጠላ ብቀምስስ?

መልስ፦ ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም ይቅር፤ ከመጨረሻው እንክብል በኋላ ሌላ 3 ቀን ይታገሱ። ማስታወክ፣ የፊት መቅላትና ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ዋርፋሪን ነው፤ ሜትሮኒዳዞል ኃይሉን ስለሚጨምረው ደም አልቆም ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ በሩማቲክ የልብ በሽታ ምክንያት ቫልቭ ተተክቶልኛል፤ በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን እወጋለሁ። ከነቀላ በፊት ሌላ መድኃኒት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አዎ። መርፌው የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይመለስ እንጂ ቫልቩን በነቀላ ጊዜ ደም ውስጥ ከሚገባ ባክቴሪያ ለመጠበቅ አይበቃም። ቫልቭ ለተተከለለት አዋቂ የተለመደው አሞክሳሲሊን 2 ግራም ከሥራው 30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው፤ አፍዎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ፔኒሲሊንን ለምደውት ሊሆን ስለሚችል ለእርስዎ የሌላ ዓይነት መድኃኒት፣ ለምሳሌ አዚትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም፣ ይመረጣል። የልብ ሐኪምዎ ይወቅ። ክሊንዳማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው የአሜሪካ ልብ ማኅበር ምክር ወጥቷል፤ ከባድ የአንጀት ተቅማጥ ስለሚያስከትል።

ጥያቄ፦ በክሎርሄክሲዲን (ባክቴሪያ በሚገድል የአፍ መጉመጥመጫ) እየተጉመጠመጥኩ ጥርሴ ቡናማ ሆነ።

መልስ፦ ላይ ላዩን ነው፤ በክሊኒክ ሲጸዳ ይለቃል። ከሁለት ሳምንት በላይ አይቀጥሉ፤ ቡናና ሻይም ይቀንሱ። ከጥርስ ሳሙና በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ይጉመጥመጡ፤ ሳሙናው ያከሽፈዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ከተወጋ በኋላ ከንፈሩን ነክሶ አቆሰለው፤ ነጭ ነገር ይዟል። አንቲባዮቲክ ልስጠው?

መልስ፦ አይስጡት። ነጩ መግል ሳይሆን ቁስሉ ሲድን የሚይዘው ሽፋን ነው። ለብ ባለ የጨው ውኃ ይጉመጥመጥ፤ ቫዝሊን ይቀቡት። የከንፈር ድንዛዜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ስለሚቆይ በሚቀጥለው ጊዜ እስኪለቀው ምግብ አይስጡት።