ጋሼ፣ ልስጣቸው ወይስ ልለፋቸው?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ልትሰናበተኝ መጣች። ለማስተርስ ዴልሂ ልትሄድ ነው። ቡና እየጠጣን ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ቤት ኪራዩ ጠየቀችኝ። እሱን ሄዳ ትለምደዋለች። ልትነሳ ስትል ግን፣ "ጋሼ፣ እዚያ የሚለምኑ ሕፃናት ብዙ ናቸው ይባላል። ልስጣቸው ወይስ ልለፋቸው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እናንተም ነገ ይኼው ጥያቄ ይገጥማችኋልና ልጻፍላችሁ ብዬ ተነሳሁ።

እኔ ዴልሂ ኮሜርስ የተማርኩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። አርብ አርብ ማታ ኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ወዳለው ፓሃርጋንጅ እሄድ ነበር። እዚያ ርካሽ ምግብ አለ፣ ወደ አገር ቤት የሚደወልበት ስልክ ቤትም አለ። ስልክ ቤቱ በር ላይ አንድ ልጅ ይጠብቀኛል። ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ባዶ የውሃ ጠርሙስ የሚለቅምበት ጆንያ ከቁመቱ ይበልጣል። ቢሃር ከምትባል ሌላ የሕንድ ግዛት ብቻውን በባቡር መጥቶ ነው። "ሰላም" ስለው ይገባዋል፣ ቃሉ እነሱም ዘንድ አለ። እሱ "ባያ" ይለኛል፤ ወንድሜ ማለት ነው። አምስት ሩፒ እሰጠውና ደስ ብሎኝ ወደ ማደሪያዬ እመለሳለሁ።

አንድ አርብ ገንዘቡን ስዘረጋለት አልተቀበለኝም። እጅጌዬን ይዞ ወደ ጣቢያው እየጠቆመ፣ "ሳት ቻሎ፣ ባያ" አለኝ። አብረን እንሂድ ማለቱ ነው። የቀረውን ያስረዳኝ ሻይ ሻጩ ነው። እዚያ አካባቢ የጎዳና ልጆች የሚበሉበት፣ የሚታጠቡበት፣ ፊደል የሚቆጥሩበት ቦታ አለ። ልጁ መሄድ ፈልጓል፣ ግን ትልልቆቹ ልጆች "እዚያ የገባ ለፖሊስ ይሰጣል" ብለው አስፈራርተውታል። ከጎኑ የሚሆን ሰው ነበር የፈለገው። መንገዱ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም።

ሰኞ ፈተና ነበረኝ። "ካል" አልኩት። በሂንዲ ካል ነገ ማለት ነው። ትናንትም ማለት ነው፤ ለሁለቱ አንድ ቃል ነው ያላቸው። ጆንያውን አንስቶ ሄደ። በማግስቱ አልሄድኩለትም። በሚቀጥለው አርብ ልጁ የለም። በሦስተኛውም የለም። ሻይ ሻጩን ስጠይቀው እጁን ወደ ሐዲዱ ወረወረ። ተሳፍሮ ሄደ ማለቱ ይሁን ሌላ፣ ደግሜ ለመጠየቅ ፈራሁ። ስሙን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አገሬ ገብቼ ኦዲተር ሆንኩ። ከ20 ዓመት በላይ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሒሳብ መርምሬአለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬ ሁሌ የሚያርፈው ደመወዝ ላይ ነበር። "ለልጆች የመጣ ገንዘብ በሠራተኛ አለቀ" ብዬ ስንት ሪፖርት ጽፌአለሁ። ያ ሠራተኛ እኮ ያ ልጅ የፈለገው ሰው ነው። እኔን ራሴን ከቁጥር ጋር ያስታረቀኝ ከሕንድ፣ ከኬረላ ግዛት የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር። ሁሉም ሲወጣ እሱ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው እንዲያ የጻፍኩት።

እ.ኤ.አ. በ2012 ባለቤቴን ለልብ ሕክምና ዴልሂ ይዤ ሄድኩ። እሷ ስታገግም ፓሃርጋንጅ ወረድኩ። ሳላም ባላክ ትረስት የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአንድ ፊልም ገቢ የተጀመረ ነው። ሠፈሩን የሚያስጎበኙት ራሳቸው ጎዳና ላይ ኖረው በድርጅቱ ያደጉ ወጣቶች ናቸው። የእኛ አስጎብኚ በለቀማ ያገኘው ገንዘብ አድሮ እንደማያውቅ ነገረን። ወይ ትልልቆቹ ይቀሙታል፣ ወይ ማስቲሽ ይገዛበታል። ከጎዳና ያነሳው በየማለዳው እየመጣ አጠገቡ የሚቀመጥ አንድ ሠራተኛ ነው። እሺ እስኪል ወራት ፈጅቷል። "ከቢሃር ነህ?" አልኩት። "አይደለሁም" አለኝ። ዕድሜውም አይገጥምም ነበር። እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

የዛሬ ልጆች ልባችሁ ከእኛ ይፈጥናል። በቴሌግራም ባንድ ሌሊት ታዋጣላችሁ፤ ይህ ያስቀናኛል። ግን ከልጁ ጋር ፎቶ ተነሥታችሁ በሁለተኛው ሳምንት ትጠፋላችሁ። ልጁ ይጠብቃችኋል እኮ! መቆየት ካልቻላችሁ ለሚቆየው ሰው ደመወዝ አዋጡ።

ለልጅቷ ደውዬ በእጃቸው ብር አትስጪ አልኳት። እኔ ግን ቦሌ መብራት ላይ ዛሬም እሰጣለሁ፤ ማለፍ አልሆነልኝም። ከዚያ 1098ን ነገርኳት። ሕንድ ውስጥ ለተቸገረ ሕፃን 24 ሰዓት የሚደወልበት ነፃ ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሙምባይ ላይ ተጀምሮ አገሩን አዳርሷል፤ ዛሬ መንግሥት ነው የሚያስተዳድረው። ልጆች እንዳይረሱት ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት ብለው ቁልቁል ይቆጥሩታል። በሂንዲ "ዳስ፣ ናው፣ አት"። አንድ ልጅ አብረን እንሂድ ካለሽ ግን ፈተና ቢኖርብሽም ሂጂ አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ "እስቲ ያን በሂንዲ ድገሙልኝ" አለችኝ። ሳት ቻሎ። ቀስ ብዬ ደገምኩላት፣ ጻፈችው።